ስፒትዝ፦ ከ«ሮቢንሰን» ወዲያ ያሉትን ዘፈኖች እናውራ

ማለዳ_ካሴት

ሰላም ለሁላችሁ። የጃፓን ሙዚቃ ክፍላችን ሰሞኑን ጭር ብሏልና ትንሽ ልቀስቅሳችሁ ብዬ ነው።

እዚህ ስለ ጃፓኑ የሮክ ባንድ ስለ ስፒትዝ በተወራ ቁጥር የሚጠሩት ሦስት ዘፈኖች ናቸው። «ሮቢንሰን»፣ «ቼሪ»፣ «ካኤዴ»። በቃ። አልፈርድባችሁም፤ ዩቲዩብም ደጋግሞ የሚያመጣው እነሱኑ ነው። ግን እኮ እነዚህ ሰዎች ከ1987 ጀምሮ አብረው ያሉ ናቸው። አንድም አባል አልለቀቀም፣ አንድም አልተጨመረም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በኋላ እንዳንጨቃጨቅ።) ድምፃዊውና ግጥም ጸሐፊው ማሳሙኔ ኩሳኖ፣ ጊታር ቴትሱያ ሚዋ፣ ቤዝ አኪሂሮ ታሙራ፣ ድራም ታትሱኦ ሳኪያማ። ይሄን ሁሉ ዓመት ሲሠሩ ኖረው በሦስት ዘፈን ብቻ ሲጠሩ አንጀቴን ይበላኛል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ስፒትዝ ለስላሳ የፍቅር ዘፋኞች አይደሉም። ፓንኮች ናቸው፣ የዚያ ጩኸታምና ቁጡ ሮክ ልጆች። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ሸውዶን ነው።

በ«ሮቢንሰን» ልጀምር፣ እሱን ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም። ሚያዝያ 1995 ወጣ። ኦሪኮን በሚባለው የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከ4ኛ በላይ ወጥቶ አያውቅም። አንደኛ ሳይሆን ግን ከ1.6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ! ዛሬ ወጥቶ ነገ እንደሚረሳው አይደለም፤ ሰው ሬዲዮ ላይ ሰምቶ ሲገዛ፣ ጎረቤቱ ሰምቶ ሲገዛ፣ ወራት ቆየ። ስሙን ያገኘው ማሳሙኔ ታይላንድ ሄዶ ካየው ሮቢንሰን ከሚባል የገበያ መደብር ነው። ግጥሙ ውስጥ ግን ሮቢንሰን የሚል ቃል የለም፣ አትፈልጉት።

አሁን ወደ ነጥቤ። ያ ነጠላ ዜማ ሁለተኛ ዘፈን አለው። «ኦሬ ኖ ሱቤቴ» ይባላል፣ «ሁለመናዬ» እንደማለት ነው። 1.6 ሚሊዮን ሰው ይሄን ዘፈን ቤቱ አስገብቷል፤ ከአድናቂዎቹ ውጭ ግን የሚያነሳው የለም። ኮንሰርት ላይ ማሳሙኔ ጊታሩን አውርዶ ታምቡሪን ይዞ የሚዘፍነው እሱን ነው። «ሮቢንሰን»ን ሰምታችሁ ወዲያው እሱን ስሙት። ከዚያ ለስላሳ ናቸው የምትሉኝ ካላችሁ እንነጋገራለን።

እናንተስ? ማንም የማያነሳላችሁን አንድ ዘፈን ወርውሩ።


የአኒሜ_ልጅ

ከች! እኔ በጓሮ በር ነው የገባሁት፣ በ«ሃቺሚትሱ ቶ ክሎቨር» አኒሜ (የጃፓን ካርቱን)። አኒሜው የተሠራበት ማንጋ፣ ማለትም የሥዕል ታሪክ መጽሐፉ፣ ስሙ ራሱ ከሁለት አልበሞች የተገጣጠመ መሆኑን ታውቃላችሁ? «ሃቺሚትሱ» (ማር) የስፒትዝ የ1995 አልበም ነው፣ «ክሎቨር» ደግሞ የዘፋኙ የሺካኦ ሱጋ። አኒሜው ሲሠራም የሁለቱን ዘፈኖች አስገቡበት። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ ወይ ሲያዝን ድንገት ጊታር ይገባና፣ አለቀልህ።

የኔ ጥቆማ ከዚያው «ሃቺሚትሱ» አልበም ላይ «አይ ኖ ኮቶባ» ነው። ያኔ ነጠላ ዜማ ሆኖ አልወጣም። ግን አልበሙ ላይ ከ«ሮቢንሰን» ቀጥሎ ልቤን የሚወስደው እሱ ነው፣ አንዳንድ ቀን እንዲያውም ይበልጥብኛል።

የዘንድሮ ልጆች ደግሞ የሚያውቋቸው በ2023 በወጣው የዲቴክቲቭ ኮናን ፊልም ነው። «ኡትሱኩሺ ሂሬ»፣ «ውብ ክንፍ»፣ የዓሣ ክንፍ ማለቱ ነው። ፊልሙ ስለ ባሕር ሰርጓጅ ስለሆነ።


ሜታል_ወዳጅ

ይቅርታ ግን ይሄ ሮክ ነው እንዴ? «ቼሪ»ን ሰማሁት። ቆንጆ ነው፣ አልካድኩም። ግን ይሄ የሠርግ ዘፈን ነው ወዳጆቼ። ፓንክ ናቸው ብሎ መማል ምን የሚሉት ነው?


ማለዳ_ካሴት

@ሜታል_ወዳጅ መምጣትህን ጠብቄ ነበር፣ ቁጭ በል።

ማሳሙኔ የፉኩኦካ ልጅ ነው። ለትምህርት ቶኪዮ ሄዶ እነዚህን ሦስቱን አገኘና ፓንክ መጫወት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን ዘ ብሉ ሃርትስ የሚባል የጃፓን ፓንክ ባንድ ተነሳ። ማሳሙኔ እነሱን ሲሰማ እኔ ላደርገው ያሰብኩትን ሰዎቹ ጨርሰውታል ብሎ ቀዘቀዘ። ባንዱም ለጊዜው ቆመ። ሲመለሱ አኩስቲክ ጊታር ይዘው ነው የመጡት። ፓንኩን አልተዉትም፣ ሌላ ልብስ አለበሱት እንጂ። የባንዱን ስም ተመልከት፣ ስፒትዝ እኮ ትንሽዬ ነጭ ውሻ ናት። አትናከስም፣ ጩኸቷ ግን ሰፈር ያነቃል።

በ1991 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ የእንግሊዙን የራይድ ባንድ የሚያጓራ ጊታር ከድሮ የጃፓን ዜማ ጋር ነበር የሚያደባልቁት። ራሳቸውም ይሄን አካሄድ «ራይድ ካዮ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ከዚያ አልበም «ሂባሪ ኖ ኮኮሮ»ን ስማ። ቀጥለህ በ1992 የወጣውን «ሆሺ ኖ ካኬራ» አልበም። ያኔ የሚገዛቸው አልነበረም። 1993 ላይ ማሳኖሪ ሳሳጂ የሚባል ፕሮዲዩሰር መጣ፣ «ክሪስፒ!» የሚል ደማቅ የፖፕ አልበም ሠሩ፣ ይሸጣል ብለው። እሱም እንደታሰበው አልሆነም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው «ሮቢንሰን» የመጣው።

ለአንተ ግን አንድ ብቻ ልስጥህ፦ «8823»። «ሃያቡሳ» ተብሎ ነው የሚነበበው። ሰምተህ ተመለስ።


ኮርድ_ኤፍ

«ቼሪ» ላይ እጃችሁን እንዳታሳርፉ! ጊታር የጀመርኩት በእሱ ነው። ጃፓን ውስጥም የጀማሪ ሁሉ ዘፈን ነው።

ምክንያቱን በጣቴ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኢ ማይነር፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ነው። አዝማቹ ላይ ኤ ማይነር፣ ኢ ማይነር፣ ኤፍ፣ ሲ እያለ ይሽከረከራል። ሁሉም ቀላል ነው፣ ያ የተረገመ ኤፍ እስኪመጣ። አመልካች ጣትህ ስድስቱንም ክር ሳይፈታ መያዝ አለበት፣ ካልያዘ ጥርስ ያስነክሳል። ዘፈኑ ደግሞ አይጠብቅህም፣ ኤፍ በየመስመሩ ነው የሚመጣው። አንድ ሳምንት ጣቴ ቆስሎ ሽንኩርት መክተፍ አቅቶኝ ነበር።

ሜታል_ወዳጅ የሠርግ ዘፈን ነው ያልከው ግን ግጥሙን ስላላየህ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ እኮ «አልረሳሽም» ነው የሚለው። ሰውየው እየሄደ ነው። ተለያይተዋል!

ማንም የማያነሳልኝ ዘፈን፦ «ባኒ ጋርል»፣ የ«ቼሪ» ነጠላ ዜማ ጀርባ። ከ«ቼሪ» ጋር አንድ ዲስክ ላይ ነው ያለው፣ ግን ፈጣን ነው፣ ባለጌም ነው። ማለዳ_ካሴት ያልከው ነገር እዚህም ይሠራል።


ናጎያ_ጥግ

ሰላም፣ እኔ እዚሁ ጃፓን ነኝ። ክሩን ሳይ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

እናንተ ያልጠራችሁት ትልቅ ዘፈን አለ፦ «ሶራ ሞ ቶቤሩ ሃዙ»፣ «ሰማይም ላይ መብረር አያቅትም» እንደማለት። እዚህ ትምህርት ቤቶች በምረቃ ሰሞን በኅብረት ይዘምሩታል። ታሪኩ ይገርማል። በ1994 ሲወጣ ብዙም ሰው ልብ አላለውም። በ1996 መጀመሪያ ላይ «ሃኩሰን ናጋሺ» የሚል ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ሲጀምር መለያ ዘፈኑ እሱ ሆነ። የወጣ ዘፈን ከሁለት ዓመት በኋላ ተነስቶ የሰንጠረዡ አንደኛ ተቀመጠ።

የድራማው ስም ከአንድ የምረቃ ልማድ የመጣ ነው። ተመራቂዎቹ ወንዶች የኮፍያቸውን ነጭ ጥብጣብ፣ ሴቶቹ የዩኒፎርማቸውን ሻርፕ ፈትተው እርስ በርስ ያስሩታል። ረጅም አንድ ገመድ ይሆናል። ከዚያ ወንዝ ላይ ይለቁታል። በልጅነቱ ያንን ድራማ ያየ ጃፓናዊ ዘፈኑ ሲጀምር ፊቱ ሲለወጥ ታዩታላችሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ካራኦኬ ሲሄዱ ከስፒትዝ አንዱ ሳይመረጥ አይመሽም። ወንዶቹ «ሮቢንሰን»ን ሲመርጡ እኔ ውስጤ ይስቃል። መጀመሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ደፍረው ይገባሉ፣ አዝማቹ ላይ ያ ድምፅ ሽቅብ ሲወጣ ማይኩን እርስ በርስ መቀባበል ይመጣል።

ማሳሙኔን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በመጋቢት 2011 ከመሬት መንቀጥቀጡና ከሱናሚው በኋላ በድንጋጤው ታመመ፣ ሐኪም አሳረፈው፣ ኮንሰርቶቻቸው ተራዘሙ። ይሄንንም አልደበቁም፣ እንዲህ ሆኗል ብለው ለአድማጭ ተናገሩ።


ጋሽ_ቤዝ

ልጆች፣ ስለ ድምፃዊው ብቻ አታውሩ። እኔ በወጣትነቴ በየናይት ክለቡ ቤዝ የተጫወትኩ ሰው ነኝ። ልጄ ነው ይሄን ባንድ ያሰማኝ። መጀመሪያ የያዘኝ ያ ታሙራ የሚባለው ነው።

ቤዝ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ከኮርዱ ሥር ቁጭ ብሎ ቤት ይጠብቃል። ይሄ ሰው አይጠብቅም። ድምፃዊው ረጅም ቃል ይዞ ሲቆም እሱ ከሥር ሌላ ዜማ ይዞ ይሄዳል፣ ያውም ሳይጋጭ። ኢርፎን አድርጋችሁ «ሮቢንሰን»ን ክፈቱና ጊታሩንም ድምፁንም ረስታችሁ ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ሌላ ዘፈን ሰምታችሁ ትነሳላችሁ።

ታሙራ መድረክ ላይ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ቤዙን ያንገላታል። ጊታሪስቱ ሚዋ መልኩ ነው የሮክ ኮከብ፣ ጥቁር መነጽር፣ የተንጨባረረ ጸጉር። የሚጫወተው ግን ረጋ ብሎ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ነው። የ«ሮቢንሰን» መግቢያ የሱ ለቀማ ነው። ዘፈኑን ማንም በሁለት ሰኮንድ የሚያውቀው በዚያ ነው።


የአኒሜ_ልጅ

@ጋሽ_ቤዝ ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የጃፓን ዘፈን ስሰማ ትዝታ ትዝታ የሚለኝ ለምንድነው? እኔ ብቻ ነኝ ወይስ እርስዎም ይሰማዎታል?


ጋሽ_ቤዝ

@የአኒሜ_ልጅ አንተ ብቻ አይደለህም ልጄ። የድሮዎቹ የጃፓን ዘፋኞች፣ ኤንካ የሚሉት፣ «ዮናኑኪ» የሚባል ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ይጠቀማሉ። በሜጀሩ ከወሰድከው ከኛ ትዝታ ሜጀር ጋር ድምፆቹ አንድ ናቸው። ጆሮህ አልዋሸህም። ስፒትዝ ግን በሰባቱም ድምፅ የሚሠሩ የሮክ ልጆች ናቸው። ዜማቸው አንዳንድ ቦታ ወደዚያ ያዘነብላል፣ ያው የሀገራቸው ነውና። ከዚያ አልፈህ «ቼሪ ትዝታ ነው» ካልከኝ ግን እጣላሃለሁ።


ጥቁር_ቡና

ሁላችሁም ስለ ዜማው አወራችሁ። ወደ ግጥሙ ልግባ፣ ጨለማ ነው።

በመጀመሪያው አልበም ላይ «ናትሱ ኖ ማሞኖ» አለ፣ «የበጋ ጭራቅ»። አጭር ነው። ያረጀ አፓርታማ፣ በረንዳ ላይ የቆመች ልጅ፣ ለብ ባለ ነፋስ የሚውለበለብ ነጭ አንሶላ። ሁለቱ በአንድ ብስክሌት ተፈናጠው ዓሣ የሌለበትን የቆሻሻ ቦይ እየተሻገሩ ይሄዳሉ። ዜማው የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው የሚመስለው። ከዚያ የጭራቁ ነገር ይመጣል፣ ሰውየው ሊያገኘው ፈልጎ ነበር፣ ሳያገኘው ቀረ። ብዙ ጃፓናውያን አድማጮች ስላልተወለደ ልጅ ነው ይላሉ። አንዴ እንዲህ ብላችሁ ካሰባችሁ በኋላ ያንን አንሶላ እንደ ድሮው ማየት አትችሉም።

«አኦይ ኩሩማ»፣ «ሰማያዊ መኪና»ም እንደዚሁ። በ1994 የወጣ ነው። በሰማያዊ መኪናሽ ወደ ባሕር እንሂድ ይላል። ስትሰሙት ሽርሽር ነው። መክፈቻውን ስሙ ግን፦ የቀዘቀዘ እጅ አንገቷ ላይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሊሞቱ ነው የሚሄዱት፣ ሁለቱም።


ናጎያ_ጥግ

@ጥቁር_ቡና ኧረ ተዪ! ይሄን ትርጉም እዚህም ሰምቼዋለሁ፣ ግን አልስማማም። እሷን ከሞት አፋፍ ሊያወጣት ነው ብለው የሚሰሙትም አሉ። ዜማው ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ሊሞት የሚሄድ ሰው እንዲህ አይዘፍንም።


ጥቁር_ቡና

@ናጎያ_ጥግ እህቴ፣ ጉዱ እኮ እሱ ነው! ማሳሙኔ ራሱ ያኔ በቃለ ምልልስ የዘፈኖቼ ጉዳይ ወሲብና ሞት ነው ብሏል። በዚያ ለስላሳ ድምፅ። እናቱ ጋ ሻይ የሚጠጣ ልጅ መስሎ ነው የሚገድልህ።

የኔ የተደበቀ ዘፈን ግን ከዚያው ዲስክ ጀርባ ነው፦ «ኔኮ ኒ ናሪታይ»፣ «ድመት መሆን አማረኝ»። ከመጠን በላይ ሰፊ መካነ መቃብር አጠገብ ያለ አፓርታማ፣ ደመና ያጠላበት ሰማይ፣ እና በሚወዱት ሰው እቅፍ ውስጥ ድመት ለመሆን የሚመኝ ፍቅር። በ1999 በወጣው «ካቾ ፉጌትሱ» አልበም ላይ ታገኙታላችሁ፤ የጀርባ ዘፈኖቻቸውን የሰበሰቡበት ነው።


ኮርድ_ኤፍ

ጥያቄ። ለእህቴ ላስጀምራት ፈልጌ ነበር። «ሪሳይክል» የሚባል ምርጦቻቸውን የያዘ አልበም አይቻለሁ። እሱ ይሻላል ወይስ ሌላ?


ማለዳ_ካሴት

@ኮርድ_ኤፍ ያንን ስም እነሱ ፊት እንዳትጠራ 😄

ታሪኩ እንዲህ ነው። 1998 ላይ «ፌክ ፈር» አልበም ወጣ፣ «ካኤዴ» ያለበት። ሰው ወደደው፣ እነሱ ግን የድምፁ ቀረጻ አላረካቸውም። ጊታሩ ይበልጥ የሚያጓራ ነገር ፈልገው አሜሪካ ድረስ ሄደው መቅዳት ጀመሩ። እዚያ መሃል፣ ታኅሣሥ 1999፣ የሙዚቃ ኩባንያው ባንዱ ሳይፈቅድ ምርጦቻቸውን ሰብስቦ «ሪሳይክል» ብሎ አወጣ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ባንዱ ተናደደ። ማሳሙኔ ምርጥ አልበም የሚወጣው ባንድ ሲፈርስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፣ እነሱ ደግሞ ገና ሥራ ላይ ናቸው። በመጨረሻ በ2006 ራሳቸው የተስማሙበት «ሳይክል ሂት» በሁለት ክፍል ሲወጣ «ሪሳይክል» ከገበያ ተነሳ።

ስለዚህ ለእህትህ «ሳይክል ሂት» ስጣት፣ የመጀመሪያውን ክፍል። ጆሮዋ ደፋር ከሆነ ግን ቀጥታ «ሃያቡሳ»ን ስጣት፣ የ2000ውን። በዚያ ንዴት መሃል የተሠራ አልበም ነው፣ ይሰማል። «8823» ያለው እዚያ ነው።


ሜታል_ወዳጅ

እሺ። «8823»ን ሰማሁት።

መጀመሪያ እንደተለመደው ነው ብዬ ልዘጋው ነበር። ቀስ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። አሁን ይፈነዳል ስትል አይፈነዳም፣ ይይዝሃል። ከዚያ ሲለቀው ጥሩ ነው። ጥሩ ነው አልኩ እንጂ ሜታል ነው አላልኩም። ጊታሩን አሁንም ሁለት እጥፍ ማድረግ ይቻል ነበር። የኮንሰርቱን ቪዲዮም አየሁት፣ ያ ቤዝ ተጫዋች ምን ነክቶት ነው? አንድ ሰው ይያዘው።


ጋሽ_ቤዝ

@ሜታል_ወዳጅ ማንም እንዳይዘው። በዚያ ዕድሜ እንዲህ የሚሮጥ ቤዝ ተጫዋች አሳየኝ።


የአኒሜ_ልጅ

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ዮሩ ዎ ካኬሩ» ስትፈልጉ ዩቲዩብ የዮአሶቢን «ዮሩ ኒ ካኬሩ» ነው የሚሰጣችሁ። አትሸወዱ፣ ያ የ2019 ዘፈን ነው። የስፒትዝ በ2002 «ሚካዙኪ ሮክ» አልበም ላይ ያለው ነው። ሁለት ሰው በሌሊት ባዶ ከተማ ውስጥ ሲሮጡ። የሳኪያማ ድራም እዚያ ላይ ሌላ ነገር ነው። ይሄንን ሰው ማንም አላነሳውም እኮ! ከዚያ አልበም ጀምሮ ፕሮዲዩሰራቸው ሴይጂ ካሜዳ ነው፣ የዘፋኟን የሪንጎ ሺናን ዘፈኖች የሠራው፣ ከሷ ጋር ቶኪዮ ጂሄን በሚባለው ባንድ ውስጥ ቤዝ የሚጫወተው። እሱ ከመጣ በኋላ ከበሮና ቤዛቸው ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።


ናጎያ_ጥግ

ሪንጎን ካነሳህ «ስፒካ»ንም አንሳ! በ1998 ከ«ካኤዴ» ጋር በአንድ ነጠላ ዜማ ወጥቶ በ«ካኤዴ» ጥላ የተሸፈነ ነው። ሪንጎ በ2002 ለስፒትዝ ክብር በተሠራው አልበም ላይ የመረጠችው እሱን ነው። ጆሮ ያላት ሴት ናት። እኔ እዚህ ሀገር ስኖር «ካኤዴ»ን ያልሰማሁበት ካፌ የለም። «ስፒካ»ን ግን ካራኦኬ ላይ ራሴ ካልመረጥኩት የሚመርጠው የለም።


ጥቁር_ቡና

«ስፒካ» ድንቅ ነው፣ ከ«ካኤዴ» ግን አይበልጥም። ይሄን ለማለት ነው የመጣሁት።


ናጎያ_ጥግ

@ጥቁር_ቡና አንቺ ደግሞ! ይበልጣል።


ማለዳ_ካሴት

ሴቶች፣ ለዚህ አዲስ ክር እከፍታለሁ። «ካኤዴ ወይስ ስፒካ» ብዬ ድምፅ መስጫ እለጥፍበታለሁ። @ኮርድ_ኤፍ የእህትህን መልስ ይዘህ ና፣ የሷ ድምፅም ይቆጠራል። @ሜታል_ወዳጅ አንተም ትመርጣለህ፣ ማምለጫ የለህም።


ሜታል_ወዳጅ

«8823»።


ማለዳ_ካሴት

ምርጫው ውስጥ የለም አልኩህ።